አላስካ ውስጥ መሬትና ፍየል ያላት እህቴ እጄ ባዶ ነው ትላለች፤ ኑሮው በእርግጥ እንዴት ነው?

የአዳማው ወንድም

ጤና ይስጥልኝ። የቤተሰብ ጉዳይ በመሆኑ ሰው ፊት ለማቅረብ ብዙ አመንትቻለሁ፤ ሆኖም እዚህ አዳማ ውስጥ የሚያስረዳኝ ሰው ስላጣሁ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ታናሽ እህቴ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር አላስካ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ከፌርባንክስ ከተማ ወጣ ብላ ትኖራለች። ከሄደች አምስት ዓመት አልፏታል። አምስት ኤከር፣ ማለትም ሁለት ሄክታር ገደማ መሬት፣ ስድስት ፍየሎችና ሃያ አምስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏት። ባለቤቷ በሞቃቱ ወራት የግንባታ ሥራ ይሠራል፤ ብርዱ ሲገባ ደግሞ በመኪናው ፊት በተገጠመ መጥረጊያ የሰው ግቢ ከበረዶ ያጸዳል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለእናታችን በየወሩ ትልክ ነበር። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ከመስከረም በኋላ ገንዘቡ ይቋረጥና እስከ ግንቦት ድረስ ወይ አይመጣም፣ ወይ ለስም ያህል ትንሽ ይመጣል። እናታችን የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ ይገዛሉ። መሬት ያለው፣ ፍየል ያለው፣ በራሱ ቤት የሚኖር ሰው እንዴት ገንዘብ ያጣል ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም፤ ምክንያቱም አዳማ ዳር ሁለት ሄክታር ያለው ሰው በሠፈሩ ስሙ የሚጠራ ባለጸጋ ነው። ጎረቤቶቻችን ደግሞ እዚያ መንግሥት መሬት በነጻ እንደሚሰጥና የነዳጅ ገንዘብ ለነዋሪው ሁሉ እንደሚያከፋፍል ነግረዋቸዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ዶላሯን በብር እያባዛ ሒሳብ ይሠራልናል። በቅርቡ በስልክ «ዘንድሮ ሙስ ስላገኘን አይርበንም» ስትል እናታችን ሙዝ ብለው ሰሙና፣ በዚያ በረዶ ውስጥ ሙዝ የሚበቅል ከሆነ ምን ጎደላት ብለው ጭራሽ ተቆጡ።

ስደውልም አታነሳም። ሁልጊዜ ከሥራ እንደወጣሁ፣ 10 ሰዓት ላይ ነው የምደውለው። የምጠይቀው እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ቤተሰብ ገቢው ከየት እንደሚመጣ፣ ወጪው የት እንደሚሄድና ቀኑን በምን ሥራ እንደሚያሳልፍ ነው። እህቴን ለመክሰስ አይደለም፤ ለእናቴ የማስረዳው ነገር እፈልጋለሁ።

ሰባት ብርድ

ወንድሜ፣ በዚያው ከተማ ዳርቻ ሰባት ዓመት ኖሬ ወደ አዳማ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የሚያስረዳዎ ሰው ከተማችን ውስጥ አለ። አስቀድሜ የስልኩን ነገር ላንሳ። በብርዱ ወቅት በአዳማና በፌርባንክስ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ልክ 12 ነው። እርስዎ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲደውሉ እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ይደውሉ፤ እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ልዩነቱ ወደ 11 ሰዓት ዝቅ ይላል።

ጎረቤቶችዎ ስለ ነጻ መሬት የሚያወሩት ከመሬት ተነስተው አይደለም። በ1862 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ ይዞ አምስት ዓመት ከኖረበትና ካለማው የራሱ እንዲያደርገው ይፈቅድ ነበር። ሕጉ በ1976 ተሽሮ ለአላስካ ብቻ አሥር ዓመት ከተጨመረለት በኋላ በ1986 አበቃ። ዛሬ መሬት በግዢ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ደግሞ በባንክ ብድር በመሆኑ የራስ ቤት የሚባለው ወር በገባ ቁጥር የሚከፈልበት ቤት ነው። በዚያ ላይ የንብረት ግብር አለ።

የነዳጁ ገንዘብም እውነት ነው፤ ችግሩ እንደ ደመወዝ የማይታመን መሆኑ ነው። ግዛቱ ከ1982 ጀምሮ ከነዳጅ ገቢ በተጠራቀመው ቋሚ ፈንድ ትርፍ ላይ ለነዋሪው፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ያካፍላል። በ2022 ለአንድ ሰው 3,284 ዶላር ደርሶ ነበር። በ2023 ወደ 1,312 ወረደ፤ በ2024 1,702 ሆነ፤ በ2025 ደግሞ 1,000 ብቻ ተከፈለ። አራት ነፍስ ያለበት ቤት ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ሲያገኝ ከርሞ በ4 ሺህ ዶላር ዓመቱን ተቀበለ ማለት ነው። እህትዎ መላክ ያቆመችበትን ጊዜ ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ያስተያዩት። የሚከፈለውም በጥቅምት አካባቢ፣ ልክ የፍየሎቹ ድርቆሽና የማሞቂያው ነዳጅ በሚገዛበት ሰሞን ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል እንጂ አያድርም።

የባለቤቷን ሥራ በሚመለከት ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር አለ። በረዶ ጠራጊ የሚከፈለው በረዶ ሲዘንብ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲደርስ ግን አየሩ እርጥበት መያዝ ስለማይችል እምብዛም አይዘንብም። ስለዚህ ቤቱ ብዙ ነዳጅና እንጨት በሚፈጅበት ሳምንት ሰውየው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። መኪናው ግን ቆሞም ወጪ አለው፤ ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ ማታ ማታ እንደ ስልክ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ያድራል።

ጊዜና ጉልበት የሚበላው ትልቁ ነገር እንጨት ነው። የሚለካው ኮርድ በሚባል መስፈሪያ ነው፤ አራት ጫማ በአራት ጫማ በስምንት ጫማ የተደረደረ ክምር፣ ማለትም 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። እኛ ቤት በዓመት ስምንት ኮርድ እናነድ ነበር፤ በእኔ ግምት ሁለት አይሱዙ ሙሉ ጭነት ይሆናል። ይህ ሁሉ ተቆርጦ፣ ተፈልጦ፣ ተደርድሮ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሞቃት ወቅት መድረቅ አለበት፤ ስለዚህ ለዘንድሮ ብርድ የሚሠራው ሰው ዘንድሮ ሳይሆን አምና ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባለማወቄ ከአንድ ሻጭ «የደረቀ ነው» የተባለ እንጨት ገዛሁ። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ጫፉ አረፋ ይደፍቅና ያፏጫል፤ ሙቀቱም የይስሙላ ነው። ጢሱ በቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ቅጥራን ሆኖ እየተጋገረ ሰነበተና በጥር አንድ ማታ ተያያዘ። የጢስ ማውጫው እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ሲያጓራ የምድጃውን የአየር ቀዳዳ ዘጋሁ፤ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መኪና ውስጥ አስገባሁና ከውጭ ቆሜ የቧንቧውን መቅላት አየሁ። ቤቱ ተርፏል። አዲስ ቧንቧ ለማስገባት ግን ለእናቴ ልልክ ያስቀመጥኩትን የአራት ወር ገንዘብ አወጣሁ፤ ለምን እንዳልላክሁም እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ስለ ውሎው ደግሞ ጠዋቱን ብቻ ልንገርዎ። አመዱ ተጠርጎ ፍሙ ይገለጣል፤ ደቃቅ እንጨት ይጨመርበታል፤ ውኃ ይጣዳል። በዚያ አካባቢ የቧንቧ ውኃ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ የእኛም አልነበረውም፤ ከከተማ በመኪና እናመላልስ ነበር። አዳማ ውስጥ ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን ይዤ የተሯሯጥኩበት ልምድ አላስካ ድረስ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ ሁለት ባልዲ ለብ ያለ ውኃ ይዞ ወደ በረት መውጣት ነው። ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ሲሆን የአፍንጫ ፀጉር በመጀመሪያው ትንፋሽ ይደርቃል። ከባልዲው የተረጨው ውኃ ጓንት ላይ እንዳረፈ ይጠነክራል። የበረቱን የብረት መወርወሪያ በእርጥብ እጅ የነካ ሰው ቆዳውን እዚያው ትቶ ይመለሳል። እንስሳቱ የሚጠጡት ውኃው እስኪረጋ ድረስ ብቻ ስለሆነ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይህም በቀን ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። እንቁላሉ ቶሎ ካልተለቀመ ውስጡ ይረጋና ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ፀሐይ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ወጥታ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ከዚህ ሥራ አብዛኛው የሚሠራው በባትሪ ብርሃን ነው። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክም በዚያ ብርድ ወዲያው ይጠፋል፤ ባታነሳ አይፍረዱባት።

ላም አርቢ ከሐዋሳ

እኔ በረዶ አይቼ አላውቅም። ሐዋሳ ዳር አራት የወተት ላሞች አሉኝ፤ የመኖ ሒሳብ ግን የትም ሀገር ያው ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ጠያቂው ስድስት ፍየል ሲሉ ሀብት ቆጥረዋል፤ እኔ ቁጥሩን ሳይ ያሰብኩት ወጪውን ነው። ስልሳ ኪሎ የምትመዝን አንዲት የወተት ፍየል በቀን ሁለት ኪሎ ያህል ድርቆሽ ትበላለች። መሬቱ ሰባት ወር ያህል በበረዶ ተሸፍኖ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ የግጦሽ ነገር የለም። ስድስት ፍየል በሁለት ኪሎ፣ በ210 ቀን ሲባዛ 2,520 ኪሎ ይመጣል፤ ከ25 ኩንታል በላይ ድርቆሽ ማለት ነው። ለዶሮዎቹና ለሚታለቡት የሚሰጠውን እህል አልቆጠርኩም።

እኛ ዘንድ ፉርሽካና ፋጉሎ ሲወደድ የቢራ አተላ እንፈልጋለን፤ እሱም ሲጠፋ ከመንገድ ዳር ሣር አጭደን እናሳልፋለን። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛ ሀገር ፍየል የሚቀመጥ ገንዘብ ናት፤ መድኃኒት መግዣ ሲጠፋ ገበያ ወስዶ መሸጥ ይቻላል። የሰው ሁሉ ድርቆሽ እየተመናመነ ባለበት በጥር ወር ግን እዚያ ፍየል ማን ይገዛል? አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ሒሳቡ እንዲህ ከሆነ ለምን ያረቧቸዋል?

ፊት ለፊት

ሁሉም ሰው ለሴትየዋ ጠበቃ ሆኗልና እኔ ሌላውን ላንሳ። ፍየል ጠባቂ ሁኚ ብሎ የላካት የለም። አሜሪካ ያለ ሰው ትልቅ ከተማ ገብቶ፣ በአንድ ክፍል ቤት ተጠግቶ፣ በቀን ሁለት ፈረቃ ሠርቶ እናቱን ይጦራል። የእኔ ወንድም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በባዶ እጅ በረዶ መሃል መቀመጥ ምርጫ ነው፤ የምርጫው ዋጋ ደግሞ በእናት መድኃኒት ላይ መውደቅ የለበትም።

የበቆጂ ልጅ ከፓልመር

አላስካ ውስጥ ከፌርባንክስ በስተ ደቡብ፣ ፓልመር በምትባል ከተማ አጠገብ የምኖር የበቆጂ ልጅ ነኝ። ውርጭ የበላው የገብስ ማሳ እያየሁ ስላደግሁ ብርዱ እንደ ሌላው ሰው አላስደነገጠኝም ብዬ ልፎክር ነበር፤ ውሸት ነው፣ አስደንግጦኛል።

ፊት ለፊት የሚል ስም የሰጡት ወንድም የተናገሩት ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። እኔም አንኮሬጅ ውስጥ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ለእናቴ የላክሁት ገንዘብ የበዛውም ያኔ ነው። ነገር ግን ልጆች ሲወለዱ የቤት ኪራዩና የልጅ መጠበቂያው አንዱን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ዋጠው። ከከተማ ወጥቶ እንጨት ማንደድና እንስሳ ማርባት ገንዘብ አያስገኝም፤ ገንዘብ የሚወጣባቸውን ነገሮች ግን ይቀንሳል። የሐዋሳዋ እህት ለጠየቁት መልሱም ይኸው ነው። ሱቅ ሄዶ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላልና ሥጋ የሚገዛ ቤተሰብ በወር የሚያወጣውን ሲያዩት ድርቆሹ ይረክሳል። ችግሩ የተረፈው እንቁላል በፖስታ ወደ አዳማ አይላክም። ቤት ውስጥ ምግብ ሞልቶ ኪስ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ይህንንም ለሀገር ቤት ሰው በስልክ ማስረዳት ከባድ ነው።

ሙስ የተባለው በቁመቱ ከፈረስ የሚበልጥ የአጋዘን ዘር ነው። ሙሉ አካል የደረሰው ወንዱ ከ200 ኪሎ የማያንስ ሥጋ ይወጣዋል። የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ እንስሳ ስለሆነ ከሃይማኖት አንጻር ለእናትዎ የሚያሳስብ አይደለም። በነዋሪነት ፈቃድ ለማደን ግዛቱ ውስጥ አንድ ዓመት መኖር ይጠይቃል። ታድሎ ከተገኘ የዓመት ሥጋ ነው፤ ካልተገኘ ደግሞ በአደን የጠፋው ጊዜና የመኪና ነዳጅ ኪሳራ ነው።

ዶሮዎቹን በሚመለከት፣ ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። በብርዱ ወቅት ማታ ማታ መብራት ካልተደረገላቸው መጣል ያቆማሉ፤ መብላት ግን አያቆሙም። አንዳንድ ሰው ለሙቀት ብሎ ቀዩን ማሞቂያ አምፖል ይሰቅላል፤ ወደ ጉዝጓዙ ወድቆ ቤቱን ከነዶሮዎቹ ያቃጠለበት ሰው አውቃለሁ። ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚጎዳቸው እርጥበት ነው፤ ቤቱ በደንብ ካልተናፈሰ አናታቸው ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ በውርጭ ይመታና ይጠቁራል።

እንጀራም ሌላ ሥራ ነው። በዚህ ብርድ ሊጥ አይቦካም፤ እኔ ቡሃቃውን በፎጣ ጠቅልዬ ከምድጃው ጀርባ እንጨት ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ እሳቱ ሌሊት ከጠፋ በማግሥቱ አብሲት አልጥልም ማለት ነው። ጤፍ ስለሚወደድ ከገብስ ጋር ቀላቅዬ እጋግራለሁ። ገብሱ የሚበቅለው ከፌርባንክስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ዴልታ ጃንክሽን አካባቢ ነው። የመጀመሪያውን እንጀራ ስበላ የአርሲ ሽታ ሸተተኝ፤ ያለማጋነን ነው የምናገረው።

ገንዘብ የሚገባባቸው ወራት ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ናቸው። በሰኔ አጋማሽ ፌርባንክስ ላይ የቀኑ ርዝመት 22 ሰዓት ይጠጋል፤ በዚያ ብርሃን ጎመን ሲያድግ በዓይን የሚታይ ይመስላል። እዚህ ፓልመር በሚካሄደው የግዛቱ የእርሻ ትርኢት ላይ በፈረንጆቹ 2012 ከ62 ኪሎ በላይ የመዘነ ጥቅል ጎመን ቀርቦ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። ወቅቱ ግን አጭር ነው፤ ከውርጭ ነጻ የሚሆነው ጊዜ አራት ወር አይሞላም። ስለዚህ ያ ሁሉ የገበያ አትክልት፣ የግንባታ ሥራ፣ የሚታጨደው ድርቆሽና የሚፈለጠው እንጨት በአንድ ላይ ይደራረባል፤ ሰው የሚተኛው ፀሐይ ሳትጠልቅ መጋረጃ ዘግቶ ነው።

ለጠያቂው የምመክረው በየወሩ ላኪ ማለትን እንዲተዉ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የምትችለውን በአንድ ላይ እንድትልክ ይስማሙና የዘጠኝ ወሩ የመድኃኒት ገንዘብ በእናትዎ ስም ባንክ ይግባ፤ እርስዎም ካርዱን ለማንም አይስጡ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከተጨቃጨቅን በኋላ የተስማማነው በዚህ ነው። ለበዓል ተጨማሪ እንዳትጠየቅም ከወዲሁ ይነገራት፤ ገና የሚውለው ከሁሉም በከፋው ወር ነው።

የአዳማው ወንድም

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ልክ 3 ሰዓት ላይ ደወልኩ፤ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። ስልኩን ከሸሚዟ ሥር፣ ብብቷ አካባቢ እንደምታስቀምጠው የነገረችኝ ሳልጠይቃት ነው። ፍየሎቹ ውኃ እስኪጠጡ ቆማ ነበር የምታናግረኝ። የባልዲ እጀታ ሲንቋቋ፣ በረዶው ከእግሯ ሥር እንደ ደረቅ ስኳር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። የመኪናው ማርሽ በኅዳር ተሰብሮ ባለቤቷ ሦስት ሳምንት እንዳልሠራም ያወቅሁት አሁን ነው። ለምን አልነገርሽንም ብላት «እናቴ ብትሰማ ተመለሺ ትለኛለች» አለችኝ። ስለ ሐምሌው አላላክ ወዲያው ተስማምታለች፤ እስከዚያ ያለውን መድኃኒት ከደመወዜ እሸፍናለሁ፤ የአንድ ወሩን ከእቁብ አወጣዋለሁ።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሙሱን ነገር ሲሰሙ ሳቁ፤ የእንጨቱን ሲሰሙ ግን ዝም አሉ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው እንጨት ለቃሚ ነበሩ። ጠዋት ሲነሱ «ጋቢ እንላክላት» አሉኝ። ይህ ይጠቅማት ይሆን?

ሰባት ብርድ

ጋቢው ለቤት ውስጥ ይሁን፤ ማታ ምድጃ ዳር እንደ እሱ ያለ የለም። ወደ በረት ስትወጣ ግን ከካፖርት በታች እንዳትደርበው ይንገሯት። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ የያዘውን ላብ አይለቅም፤ እንጨት ፈልጣ በላበች ጊዜ እርጥብ ልብስ ለብሳ እንደመቆም ነው። እዚያ ያለ ሰው ከውስጥ የሚለብሰው ሱፍ ነው፤ ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። ከተቻለ የመንዝ ባና ይላኩላት። እኔ አንድ ነበረኝ፤ ሌሊት ፍየል ስትወልድ ግልገሉን የማደርቀውና የምጠቀልለው በእሱ ነበር።

የአዳማው ወንድም

እናቴ ይህን እንዳነበብኩላቸው ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ፈልግ ብለውኛል። ባና ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በአንድ ሻንጣ ሊገባ ይችል እንደሆነ፣ አንዱ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንም የሚያውቅ ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።